ምድሪቱን ስናሞቅ ከረምን

ዛሬ የማጫውታችሁ መሬት ውስጥ ስለሚቀበር ቧንቧ ነው። «ስለ ቧንቧ ደግሞ ምን የሚጻፍ አለ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ብሆን አንድ ክረምት ሙሉ እንጨት ስፈልጥ ከርሜ፣ ከፈለጥኩት እንጨት ግማሽ የሚጠጋው ቤቴን ሳይሆን የጓሮዬን አፈር ሲያሞቅ እንደነበር እስካውቅ ድረስ ነገሩ አያገባኝም ነበር። (ክረምት ስል የፈረንጁን ማለቴ ነው። የእኛው ክረምትማ ዝናብና ጭቃ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ጉድ የለበትም።)

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጸው ላይ ባለቤቴ ከሴንት ፖል ወደ ሰሜን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በምትርቅ አንዲት ትንሽ የሚኒሶታ ከተማ የነርስነት ሥራ አገኘችና ጓዛችንን ጠቅልለን ሄድን። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጫካ ያለበት አሮጌ ቤት ገዛን። በዚያ ሰፈር የተፈጥሮ ጋዝ መስመር የለም። ሰዉ የሚሞቀው ወይ በቦቴ እየመጣ በሚሞላ ፕሮፔን ነው፣ ወይ በእንጨት ነው። ቤቱን የሸጠልን ሰው ከጓሮ የቆመች አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ አሳየንና «ይቺ ካለች ፕሮፔን አትፈልጉም» አለን። እኔ በመጀመሪያ ሽንት ቤት መስላኝ ነበር።

ፈረንጆቹ «አውትዶር ውድ ቦይለር» ይሏታል፤ እኛ የደጅ የእንጨት ቦይለር እንበላት። ውስጧ እንጨት የሚነድበት የብረት ሳጥን አለ፤ ሳጥኑን ዙሪያውን ውሃ ከቦታል። እንጨቱ ሲነድ ውሃው እስከ 180 ዲግሪ ፋራናይት፣ በሴልሺየስ 82 ያህል ይሞቃል። ሞቃቱን ውሃ ፓምፕ እየገፋ ምድር ለምድር በተቀበረ ቧንቧ ወደ ቤት ያደርሰዋል። ቤት ውስጥ የመኪና ራዲያተር በመሰለ ነገር ሲያልፍ ማራገቢያ አየር ያነፍስበታል፣ የሞቀው አየርም ወደየክፍሉ ይሄዳል። ሙቀቱን ያራገፈው ውሃ በሁለተኛው ቧንቧ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። እሳቱ፣ ጭሱና አመዱ ከደጅ ይቀራሉ፤ ወደ ቤት የሚገባው ሙቀት ብቻ ነው። ብልሃቱ ደስ ይላል። ስስ ጎኑ ግን ያ ማንም የማያየው የተቀበረ ቧንቧ ነው። በእኛ ቤት ከቦይለሩ እስከ ግድግዳው 120 ጫማ፣ ማለትም 36 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል።

በዚያ ክረምት እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጥታ ነበር። የጃንዋሪ 2019 መጨረሻ ብርድ ትዝ የሚለው አንባቢ አይጠፋም፤ ከዋልታ የወረደው ቅዝቃዜ ሚኒያፖሊስን ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት፣ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 33 ያደረሰበት ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት እንጨት ለመጨመር ሌሊት በየአራት ሰዓቱ እየተነሣሁ እወጣ ነበር፤ ቤቱ ግን ከ60 ፋራናይት በላይ አልሞቅ አለ። የፕሮፔኑ ታንክ ባዶ ነበር፤ ሻጩን አምነን አላስሞላነውም። እናቴ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ሶፋው ላይ ተኮራምታ ትውላለች። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች ሴት ብርድ አታውቅም አይባልም፤ እንዲህ ያለውን ግን እሷም አይታ አታውቅም። ማታ ማታ እንቅልፍ የሚነሣኝ አንድ ሐሳብ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቢቆምስ?

ብርዱ ረገብ ባለ በሳምንቱ፣ አንድ ጠዋት እናቴ በወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ጓሮ ስትመለከት ቆየችና «አንተ ልጅ፣ ያቺ መንገድ የምን መንገድ ናት?» አለችኝ። አየሁ። በረዶው ጉልበት በሚያክልበት ጓሮ ውስጥ፣ ከቦይለሩ ተነሥታ እስከ ቤታችን የምትደርስ አንድ ክንድ የምትሰፋ መስመር አለች። በረዶው ቀልጦ ሣሩ ይታያል፤ መሐሏ ላይ ውሻችን ተጋድሞ ተኝቷል። «ማገዶውን የምትጨርሱት ለምድሪቱ ነው እንዴ?» አለች። በልጅነቷ ኩበት ስትለቅም፣ ለአንድ እቅፍ ጭራሮ ስንት መንገድ ስትሄድ ያደገች ናትና ማገዶው የት እንደሚገባ ለማየት መሣሪያ አላስፈለጋትም።

እኔ ግን፣ የተማርኩት ልጇ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ያላሳበብኩበት ነገር አልነበረም። መጀመሪያ እንጨቱ እርጥብ ነው አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ከፊሉ እርጥብ ነበር። ቀጥሎ ፓምፑ ደክሟል ብዬ አዲስ ገዝቼ ገጠምኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ቦይለሩ ራሱ አርጅቷል ብዬ የአዲስ ቦይለር ዋጋ መጠየቅ ሁሉ ጀምሬ ነበር። እናቴ በመስኮት ባታይ ኖሮ እገዛው ነበር፤ አዲሱም ቦይለር ያንኑ አፈር ያሞቅልኝ ነበር።

በሽታውን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሁለት ቁጥር ነው። ሞቃቱ ውሃ ከቦይለሩ ሲወጣ ስንት ዲግሪ ነው? ያው ውሃ ቤት ሲገባስ? ይህን እያነጣጠሩ ሙቀት በሚለኩበት የእጅ ቴርሞሜትር መለካት ይቻላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ይህ መሣሪያ በሚያብለጨልጭ ነሐስ ወይም መዳብ ላይ ሲያነጣጥሩት ይዋሻል፣ ከእውነተኛው በታች ያነባል። መላው ብረቱ ላይ ጥቁር ናስትሮ ጠምጥሞ በናስትሮው ላይ ማነጣጠር ነው። እኔ ስለካ ውሃው ከቦይለሩ በ178 ወጥቶ ቤት የገባው በ174 ነው። በመልሱ መንገድም ከቤት በ156 ተነሥቶ ቦይለሩ ጋ የደረሰው በ154 ነበር። በደርሶ መልስ ስድስት ዲግሪ ጠፋ ማለት ነው።

ስድስት ዲግሪ ምን አላት? እስቲ እናስላው። ፈረንጆቹ ሙቀት የሚለኩበት ቢቲዩ፣ አንድ ፓውንድ ውሃ በአንድ ዲግሪ ፋራናይት ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ነው። አንድ ጋሎን ውሃ 8.33 ፓውንድ ይመዝናል። ፓምፑ በደቂቃ 8 ጋሎን ቢገፋ፣ በሰዓት 4,000 ፓውንድ ያህል ውሃ ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዷ የጠፋች ዲግሪ በሰዓት 4,000 ቢቲዩ ናት። ስድስት ዲግሪ 24,000 ነው፤ በቀን 576,000። በአሮጌ ቦይለር ውስጥ አንድ ፓውንድ እንጨት፣ ከጭሱ ጋር የሚሄደው ተቀንሶ፣ ለውሃው የሚሰጠው 3,000 ቢቲዩ ያህል ነው። አካፍሉት፤ በየቀኑ 192 ፓውንድ፣ 87 ኪሎ እንጨት አፈር ለማሞቅ ይነድዳል። በስድስት ወር ወደ 10 ኮርድ ይጠጋል። ኮርድ ማለት 4 ጫማ ስፋት፣ 4 ጫማ ቁመትና 8 ጫማ ርዝመት ያለው የእንጨት ክምር ነው፤ የኦክ ኮርድ 3,500 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። ይህን ስሌት የሠራሁበትን ወረቀት ለባለቤቴ ሳሳያት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ወገብህ ለዚህ ነው እንግዲህ?» የሚል ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? በኤፕሪል መጨረሻ መሬቱ ሲለሰልስ፣ ቦይለሩ ገና እየነደደ ሳለ፣ የጓሮው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ቆፍሬ አየሁ። ያገኘሁት የዝናብ ውሃ ማፋሰሻ ሆኖ የሚሸጥ ሸንተረራም ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በውስጡ ሁለቱ ቧንቧዎች አብረው፣ አረፋ አረፋ ባለው የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ተጠቅልለው ተጋድመዋል። ቱቦውን በቢላዋ ስሰነጥቀው እንፋሎት የሚወጣው ውሃ ተንዶለዶለ። መጀመሪያ ቧንቧው ፈንድቷል ብዬ ደነገጥኩ። ነገር ግን የቦይለሩ ውሃ ዝገት እንዳይበላው መድኃኒት ስለሚጨመርበት ቀለም አለው፤ ይህ ንጹሕ ነው። የቦይለሩም ውሃ መጠኑ አልጎደለም። የዝናብና የበረዶ ውሃ ነው፤ ከደጅ በቱቦው ገብቶ፣ በቧንቧዎቹ ሙቀት ሞቆ ተኝቷል።

የራሰ ጋቢ ለብሶ የሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጋቢ የሚያሞቀን ጥጡ ሞቃት ስለሆነ አይደለም፤ በድርና ማጉ መካከል አየር አፍኖ ስለሚይዝ ነው። የቆመ አየር ሙቀት አያሳልፍም። ውሃ ግን ከቆመ አየር 20 ጊዜ እጥፍ በላይ ሙቀት ያሳልፋል። ቧንቧውን ምን ቢጠቀልሉት፣ በጥቅሉ ውስጥ ውሃ ከገባ ጥቅሉ የለም ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ውሃው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ነው፤ ሞቆ ይፈስሳል፣ በምትኩ ቀዝቃዛው ይገባል፣ እሱም በተራው ይሞቃል።

ይህ የጫካ ሰው ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስቶክሆልም ወይም ኮፐንሃገን የምትኖሩ፣ አብዛኞቻችሁ ቤታችሁን የሚያሞቀው ውሃ ከሩቅ ጣቢያ በተቀበረ ቧንቧ የሚመጣ ነው፤ ቧንቧው በፎም ተሸፍኖ፣ ፎሙ ደግሞ በጠንካራ ፕላስቲክ ተለብጦ። ዱባይ ያላችሁም በብዙ ፎቆች ውስጥ የሚያቀዘቅዛችሁ ውሃ በዚያው ዓይነት ቧንቧ ነው የሚደርሳችሁ፤ እዚያ የሚፈራው ቅዝቃዜው ወደ አሸዋው እንዳይወጣ ነው። በበረዷማው ዴንማርክም በሐሩሩ ዱባይም የሽፋኑ ጠላት አንድ ነው፣ ሰርጎ የሚገባ ውሃ።

ወደ ጓሮዬ ልመለስ። አዲስ መስመር ለመምረጥ ሁለት ወር ያህል ሳነብና ስጠይቅ ቆየሁ። በገበያ ላይ ያለው በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ያ የእኔው ዓይነት፣ በአረፋማ ፕላስቲክ የተጠቀለለው ነው፤ ርካሽ ነው፣ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልናገርም። ሁለተኛው ንብርብር የፎም ጥቅል ያለው ነው። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ደህና ነው፤ ነገር ግን የውጭ ልባሱ አንድ ቦታ ከተቀደደ ውሃው በክፍተቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄድበታል። ሦስተኛው ፋብሪካ ውስጥ ፖሊዩሪቴን ፎም ተሞልቶበት፣ ፎሙ ከቧንቧውም ከውጭ ልባሱም ጋር የተጣበቀ ነው። ይህኛው አንድ ቦታ ቢወጋ እንኳ ውሃው እዚያው ይቀራል እንጂ መንገድ አያገኝም። እኔ የመረጥኩት ይህንን ነው። ፎሙን ባለሙያ ጠርቶ ቦዩ ውስጥ በቧንቧዎቹ ላይ ማስረጨትም ይቻላል፣ ጥሩ ነው ይላሉ፤ እኛ አካባቢ የሚመጣልኝ ሰው አጣሁ።

የውስጥ ቧንቧው ፔክስ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። በ180 ፋራናይት 100 ፒ.ኤስ.አይ. ግፊት እንዲችል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይበቃል። መጠኑ ላይ ግን አትታለሉ። አንድ ኢንች ፔክስ ሲባል ውስጡ አንድ ኢንች አይደለም፣ 0.86 ያህል ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ነው። ለ120 ጫማ አንድ ኢንቹ በቃኝ። መንገዱ ከዚህ በጣም ከረዘመ ግን አንድ ሩብ ኢንቹን መውሰድ ይሻላል፤ ካለዚያ ፓምፑ ውሃውን ለመግፋት ሲታገል ይኖራል።

ቁፋሮው በኦገስት ሆነ። ከመቆፈር በፊት በአሜሪካ በየትኛውም ግዛት 811 መደወል ግዴታ ነው፤ ነጻ ነው፣ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን አስቀድሞ መደወል ነው። መጥተው መሬቱን በቀለም ያሰምሩበታል፦ ቀይ የኤሌክትሪክ፣ ቢጫ የጋዝ፣ ብርቱካንማ የስልክና የኢንተርኔት፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ፣ አረንጓዴ የፍሳሽ። ልብ በሉ፤ የግል መስመራችሁን፣ ለምሳሌ ከቤት ወደ ጋራዥ የሄደ ሽቦ፣ እነሱ አያውቁትም። ያንን ራሳችሁ ፈልጉ።

ጥልቀቱን በተመለከተ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። በሚኒሶታ የሕንጻ ደንብ መሠረት የቤት መሠረት ከብርዱ በታች እንዲሆን በሰሜኑ ክፍል 60 ኢንች፣ በደቡቡ 42 ኢንች መውረድ አለበት። ታዲያ ቧንቧውስ 60 ኢንች ይውረድ? ሞቃት ውሃ እየዞረበት እስካለ ድረስ ቧንቧው አይረጋም፤ የሚያሰጋው ፓምፑ ለረዥም ጊዜ ሲቆም ነው። በሌላ በኩል ጥልቅ ቦይ ሰው ይበላል። አንድ ኪዩቢክ ያርድ አፈር ወደ 3,000 ፓውንድ፣ የትንሽ መኪና ያህል ይመዝናል፤ ደረት ላይ ሲናድ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብም ከ5 ጫማ ጀምሮ ግድግዳው ያለ ድጋፍ ሰው እንዳይገባበት ያዛል። ስለዚህ እኔ በ42 ኢንች ረጋሁና የቀረውን ጥንቃቄ ለመብራት መጥፋት የሚሆን ትንሽ ጄኔሬተር በመግዛት ሞላሁት። ከጥልቀቱ ይልቅ የተጨነቅኩት ለመንገዱ ነው። የድሮው መስመር በጓሮው ዝቅተኛ ቦታ፣ ውሃ በሚተኛበት ያልፍ ነበር። አዲሱን ከፍ ባለው በኩል አዞርኩት። አሥር ጫማ ጨመረብኝ፤ አልቆጨኝም።

ለሥራው ከሴንት ፖል ሁለት ጓደኞቼ መጡልኝ፤ ደቦ ነው እንግዲህ። ትንሽ ኤክስካቫተር ለአንድ ቀን ተከራየን። ቧንቧው ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው፣ ግትር ነው፤ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አስጥተነው ለስለስ ሲል ዘረጋነው። ከቦዩ ግርጌ አራት ኢንች አሸዋ፣ ከላዩም እንዲሁ፤ ድንጋይ እንዳያገኘው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ቧንቧ ይሁን፤ መሬት ውስጥ መገጣጠሚያ አታስገቡ። ጫፎቹን አፈር እንዳይገባባቸው በናስትሮ አሸግናቸው። ከጎኑ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አጋደምን፤ ፕላስቲክ በመሣሪያ አይገኝምና ነገ የሚቆፍር ሰው በሽቦው ያገኘዋል። ከላይ ወደ አንድ ጫማ ሲቀር የማስጠንቀቂያ ጥብጣብ ዘረጋን።

አፈሩን ከመመለሳችን በፊት ቧንቧዎቹን በአየር 50 ፒ.ኤስ.አይ. ሞልተን አሳደርናቸው። ይህ የሚደረገው ከቦይለሩ ጋር ሳይገናኙ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቦይለር ለግፊት የተሠራ አይደለም፤ ከላይ ክፍት መተንፈሻ ያለው የውሃ ጋን ነው፣ ግፊት ቢገባበት ይቀደዳል። ጠዋት ስናየው ልኩ ምንም አልወረደም ማለት ይቻላል። ቡና አፈላን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጫፎቹ ላይ ነው። ውድ ቧንቧ ገዝቶ ጫፉን ክፍት የሚተው አለ፤ ውሃው በዚያ ይገባና ፎሙን ከዳር ይበላዋል። ለዚህ የተሠራ የላስቲክ ቆብ አለ፤ በቧንቧዎቹ ላይ ጠልቆ የውጭ ልባሱን ያንቃል። በቦይለሩ በኩል ጫፉ ከመሬት ከፍ ብሎ ይውጣ። በቤቱ በኩል የመሠረቱ ግድግዳ ሲበሳ ቀዳዳው ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብል፣ ዙሪያው ውሃ በሚችል ሲሚንቶ ይደፈን። የድሮው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነበር። ምድር ቤታችን ሁልጊዜ ሻጋታ ሻጋታ የሚሸተው ለካ በዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት አልደብቃችሁም። ከሁለቱ ቧንቧዎች አንዱ ለመለያ መስመር ተሠምሮበታል። እኔ በቦይለሩ በኩል መስመር ያለውን ለሞቃቱ አደረግኩ፣ ጓደኛዬ ቤት ውስጥ ለመልሱ አደረገው። ፓምፑ ሲነሣ ውሃው ወደተሳሳተው አቅጣጫ ሄደ፤ ፈትተን እስክንገጥም ግማሽ ቀን አለፈ። ከመቆረጣችሁ በፊት በሁለቱም ጫፍ «ሂያጅ» እና «ተመላሽ» ብላችሁ ጻፉበት። ከዚያ በኋላ የቀረው አዲስ ውሃ ከዝገት መከላከያው ጋር መሙላትና አየሩን ማስተንፈስ ነው፤ አየር ካልወጣ ፓምፑ ያጉረመርማል፣ ራዲያተሩም አይሞቅም።

ወጪው? ለ135 ጫማ ቧንቧ በጫማ 16 ዶላር፣ 2,160። ከኤክስካቫተሩ ኪራይ፣ ከአሸዋውና ከመገጣጠሚያዎቹ ጋር 2,900 ዶላር ገደማ፤ ጄኔሬተሩን ሳልጨምር። በመጀመሪያው ክረምት 16 ኮርድ አንድደን ነበር፤ በ2019 እና 2020 ክረምት 9። ስሌቱ 10 ትተርፋለህ ቢለኝም የተረፈችኝ 7 ናት፤ ክረምቱም ከክረምት ይለያል፣ መሬቱም ሁልጊዜ እኩል አይርስም። ያኔ በእኛ ሰፈር አንድ ኮርድ የተፈለጠ ኦክ 200 ዶላር ነበርና ቧንቧው በሁለት ክረምት ዋጋውን መለሰ። ዛሬም ስለካው ከቦይለሩ እስከ ቤት የሚጠፋው አንድ ዲግሪ አይሞላም።

ይህን አንብቦ ቦይለር ልግዛ የሚል ካለ አንድ ነገር ልጨምር። የእነዚህ ቦይለሮች ጭስ ጎረቤት ያጣላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 የጭስ ገደብ አወጣባቸው፣ ከሜይ 2020 ጀምሮ ደግሞ አጠበቀው፤ አዲስ የሚሸጥ ሁሉ ያንን ማሟላት አለበት። የእኔው ከዚያ በፊት የተሠራ አሮጌ ነው። አንዳንድ ከተማ ደግሞ ጭራሹን አይፈቅድም፤ ቦዩን ከመቆፈር በፊት ማዘጋጃ ቤት ይጠየቅ።

በአዲሱ መስመር የመጀመሪያው ከባድ በረዶ የጣለ ጊዜ በማግስቱ ጓሮውን ፎቶግራፍ አንሥቼ ደብረ ብርሃን ላክሁት። ከቦይለሩ እስከ ቤቱ ድረስ አንድ ወጥ ነጭ ነው። እናቴ ደወለች። ፎቶውን አስፍታ ደህና አድርጋ እንዳየችው፣ መንገዲቱም እንደጠፋች ነገረችኝና ትንሽ ዝም አለች።

«ውሻውስ ታዲያ አሁን የት ነው የሚተኛው?» አለችኝ።